ሐረር ከሄዳችሁ ጀጎልን ከውጪም ዙሩት

ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ ሰው ሐረር ሲሄድ ፕሮግራሙ የታወቀ ነው። የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ማታ ደግሞ ጅብ ማብላት። አሮጌውን ከተማ ጀጎልን የከበበውን ግንብ ግን በመኪና መስኮት አይቶት ያልፋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዋናው ነገር ግንቡ ነው።

አስጎብኚ ያዙ። የእኔን ያገናኘኝ ያረፍኩበት ቤት ነው፤ ጀጎል ውስጥ ተወልዶ ያደገ ልጅ። ሒሳቡን ቀድመን ስለጨረስን ጭቅጭቅ አልነበረም። «ግንቡን በእግር እንዙረው» ስለው ፊቱ በራ። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁመቱ ወደ 4 ሜትር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት ይነገራል። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ድንጋዩ በጭቃ ተያይዞ ነው የቆመው። ግርጌው ላይ ደግሞ የጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለ። ጠላት እንዳይገባ የታጠረ ከተማ ለጅብ በር መተዉ አስቆኛል። ለነገሩ ጅቡ ማታ ገብቶ ቆሻሻውን ጠራርጎለት ነው የሚወጣው።

የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። መኪና የሚያስገባው ሐረር በር የኋላ ዘመን ሥራ ነው። ሸዋ በር ጋ ገበያው ስለሚበዛ ግንቡን ለማየት ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ለመዘገበው ቦታ፣ በዞርንበት በኩል አንድ ገላጭ ሰሌዳ እንኳ አላየሁም። ይኼ ያናድዳል።

ማደሪያዬ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነበር። ቀይ መደብ፣ ግድግዳው ሙሉ ስፌት፣ ጠዋት ጠዋት ሆጃ የሚሉት የሐረሪ ትኩስ መጠጥ። መታጠቢያው የጋራ ነው፤ ውሃ ጠፍቶ በባልዲ የታጠብኩበት ቀንም አለ። መስተንግዶው ግን ያስረሳል። ደግሜ አርፍበታለሁ።

ባጃጅ ላይ ተጠንቀቁ። አንዱ አነጋገሬን ሰምቶ ዲያስፖራ መሆኔን ሲያውቅ ዋጋውን ሰቀለው። ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ሳትስማሙ አትግቡ።

ለግንቡ ጠዋት ውጡ፤ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ አይቻልም፣ ጥላ ደግሞ የለም። ጫማችሁም ጠንከር ያለ ይሁን። አንዳንድ ቦታ ቤቶች ግንቡን ተደግፈው ስለተሠሩ መንገዱ በሰፈር ውስጥ ያዞራል። ለአስጎብኚው የከፈላችሁት ገንዘብ ሥራውን የሚሠራው እዚያ ጋ ነው።