«የሳምንት ስንቅ»፦ በደብረ ብርሃን በጎ ፈቃደኞች የሚታሸገው በሶና ሽሮ

በዐቢይ ጾም አንድ ቅዳሜ፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የጽዋ ማኅበር እናቶች ከወለጋ ተፈናቅለው ለመጡ ወገኖች ደረቅ ምግብ ሲያሽጉ አብሬ ዋልሁ። ሲጨርሱ የአንዱን ጥቅል ዋጋ ከፍዬ ወደ ቤቴ ወሰድሁ፤ ምግብ ለሰው የሚሰጥ ሰው ምን እንደሚሰጥ ቀምሶ ማወቅ አለበት ብዬ ስለማምን ነው።

ጥቅሉ 3 ኪሎ በሶና 2 ኪሎ ሽሮ የያዘ ሲሆን፣ በላዩ ላይ «ተርቤ አብልታችሁኛልና» የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ቃልና «ለአንድ ቤተሰብ የሳምንት ስንቅ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል።

በሶው ምስጋና ይገባዋል። ገብሱ የዚያው የሰሜን ሸዋ ደጋ ምርት ነው፤ እናቶቹ ራሳቸው ቆልተው፣ ፈትገውና አስፈጭተው፣ ጨው በልኩ ጨምረውበታል። አላረረም፣ ገለባም አልበዛበትም፤ በውኃ ሲበጠብጡት አይጓጉልም፣ ጭብጦ ሲያደርጉትም አይፈርስም። ማገዶ በሌለበት መጠለያ፣ ያውም እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ውርጫም ከተማ፣ ያለ እሳት የሚበላ ምግብ መምረጣቸው ተቀባዩን አስበው እንደሠሩ ያሳያል። ቅቤም ሆነ ሥጋ ነክ ነገር ስለሌለበት ጿሚውም ሙስሊሙ ተፈናቃይም ሳይጠራጠር ይበላዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ጎድሎታል፦ በሶ በጥሬ ውኃ ስለሚበጠበጥ፣ ውኃው በጄሪካን በሚቀዳበት ቦታ ለሕፃናት የሚሰጠው በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ መሆን እንዳለበት አንድ መስመር ቢጻፍበት ጥሩ ነበር።

የአስተሻሸጉ ሥራ ፈጣንና ንጹሕ ነው። ወጣቶቹ ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ሥሩ ተቆርጦ በተገለበጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ዱቄቱን ወደ ፌስታሉ ያንቆረቁራሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተው ፊድ ማይ ስታርቪንግ ችልድረን የተባለ የክርስቲያን ድርጅት ሩዝ፣ አኩሪ አተር፣ የደረቀ አትክልትና ቫይታሚን በበጎ ፈቃደኞች እጅ የሚያሽገው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ እያንዳንዱ ከረጢት ሚዛን ላይ መውጣቱ ነው። እዚህ ሚዛኑ እስኪመጣ ድረስ ጠዋቱን ሙሉ በጣሳ ሲሰፈር ነበር፤ ዱቄት ደግሞ ሲጠቀጠቅና ሳይጠቀጠቅ እኩል አይደለም። የእኔ በሶ ሲመዘን 3 ኪሎ አልሞላም። (ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ ሰዎች በዚያ በሚያውድ የገብስ ሽታ መካከል ቆመው መዋላቸውን ሳስብ፣ ጉድለቱን ለማንሳት ትንሽ አፍሬ ነበር።)

ዋናው ቅሬታዬ ሽሮው ላይ ነው። ጣዕሙ ሸጋ ነው፤ ነገር ግን ዘይት፣ ሽንኩርትና ከሰል ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንጀራ ይፈልጋል። በሳምንቱ እደላ ሲደረግ ቻይና ካምፕ በሚባለው መጠለያ ተገኝቼ ነበር። ጥቅሉን በሁለት እጃቸው የተቀበሉ አንዲት እናት ለሚያድለው ወጣት፣ «እግዜር ይስጥልን ልጄ፤ ሽሮው ደርሶናል፣ እንጀራውስ በየት በኩል ነው የሚመጣው?» አሉት። ልጁ ሳቀ፤ ወዲያው ግን አንገቱን ደፋ። በሽሮው ፋንታ 2 ኪሎ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ቢገባ፣ እሳትም እንጀራም ሳይጠይቅ ይበላ ነበር፤ ጥርስ ለሌላቸው አረጋውያን በሶው አለላቸው።

ስለ «ሳምንት» የተጻፈውም ቢሆን ከሂሳብ ጋር አይስማማም። በአገራችን የሚሠራበት ሙሉ የእርዳታ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ያህል ዘይት ነው፤ ይህም ለአንድ ሰው በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ ይሆናል። አምስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ 5 ኪሎ ደረቅ ምግብ ሁለት ቀን እንኳ በቅጡ አያደርስም። እኛም በቤታችን አምስት ነን፤ ሰኞ የከፈትነው በሶ ማክሰኞ ማታ አለቀ፤ ሽሮውን የጨረስነው ከጎረቤት በመጣ እንጀራ ነው። ጽሑፉ ጉዳት የሌለው ማጋነን ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የአካባቢው እደላ አስተባባሪ «ይህ ቤተሰብ የሳምንት ወስዷል» ብሎ ከመዘገበ፣ ያ ቤተሰብ አምስት ቀን ተራ ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል።

ገንዘብ ማዋጣት ለሚፈልግ ሰው፣ በሶው ብቻ ቢሆን ያለ ማመንታት አዋጣ እለዋለሁ፤ ጥቅሉ አሁን ባለበት ሁኔታ ግን አዋጥቶ ቆሎውን እንዲጠይቅ እመክረዋለሁ። ይህን ሁሉ ለአስተባባሪዎቹ በአካል ነግሬአቸዋለሁ። ሚዛኑ ከጠዋት ጀምሮ እንደሚቀርብ ቃል ገቡ፤ የቆሎውን ጉዳይ ከእናቶቹ ጋር እንመክርበታለን አሉ፤ የታተመው ወረቀት ግን ገና ብዙ ስለሆነ፣ እስኪያልቅ ድረስ «የሳምንት» የሚለውን ቃል በእስክሪብቶ እየሰረዙ እንደሚለጥፉት ነገሩኝ።