የማዕከላችንን ቴሌቪዥኖች ልክ ላስያዘችልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለማመስገን ነው። ቀጥሎም እኛ ባየነው መከራ ውስጥ አሁን ያላችሁ ካላችሁ ትክክለኛዋን ሰው ልጠቁማችሁ ነው። ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ትምህርት ቤት፣ ብቻ ብዙ ቴሌቪዥን የተሰቀለበት ሕንፃ የምታስተዳድሩ ሁሉ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እኔ በአንድ የሕሙማን ማገገሚያ ማዕከል የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነኝ። ሕንፃው ባለ አራት ፎቅ ሲሆን በመኝታ ክፍሎቹ፣ በመጠባበቂያ አዳራሾቹና በመመገቢያው ያሉት ቴሌቪዥኖች 64 ናቸው። እነዚህን ሁሉ የማብራትና የማጥፋት፣ ድምፃቸውን የመቀነስ ሥራ ለዓመታት የወደቀው በተረኛ ነርሶች ላይ ነበር። መድኃኒት ማደል ያለባት ነርስ ሪሞት ይዛ ከክፍል ክፍል ስትዞር ታመሻለች። ሁለት አልጋ ባለበት ክፍል ደግሞ ሁለቱ ቴሌቪዥኖች አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዱ ሪሞት ሲጫን ሁለቱም ይታዘዛሉ። አንደኛው ሕመምተኛ ዜና ልይ ሲል የጎረቤቱ ኳስ ጨዋታ ይቋረጣል። ሰው ታሞ ተኝቶ በዚህ ሲነታረክ ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ ሁሉንም ከአንድ ቦታ በኔትወርክ የሚያዝ መቆጣጠሪያ እንዲገጠም ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሥራውን መጀመሪያ የወሰዱትን ሰዎች ስም አልጠራም፤ ፍርዱን ለፈጣሪ ትቻለሁ። በርክክቡ ዕለት 64ቱም በአንድ ጊዜ በሩ፣ በአንድ ጊዜ ጠፉ። አጨበጨብን፣ ፈረምን፣ ሸኘናቸው። በዚያው ሌሊት ሁሉም መጥፋት በነበረበት ሰዓት ግን ከፊሎቹ ጠፍተው ከፊሎቹ ቦግ ብለው በሩ። ከብዙ ሥቃይ በኋላ እንቅልፍ የወሰዳቸው ሰዎች በድምፅ ደንግጠው ነቁ። አንዲት እናት ከአልጋ ሊወርዱ ሲሉ ነርሷ ደርሳ ባትይዛቸው ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አልፈልግም። በማግስቱ ስንደውል የተሰጠን መልስ «ሕሙማኑ ሪሞት እንዳይነኩ ከልክሏቸው» የሚል ነበር። በሽተኛ ሰው አልጋው አጠገብ ያለውን ቴሌቪዥን በገዛ እጁ እንዳያጠፋ ይከልከል! እያደር ስልካችንንም ማንሣት ተዉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የመቆጣጠሪያውን የይለፍ ቃል ሳይሰጡን መሄዳቸው ነው። በገንዘባችን የገዛነውን ዕቃ በገዛ ሕንፃችን ውስጥ መክፈት አቃተን።

ከእነርሱ በኋላ የመጣው ሰው አንድ ክፍል ብቻ ገብቶ ቀና ብሎ አየና «እነዚህ ሁሉ መቀየር አለባቸው» አለ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው በማላውቃቸው ቃላት አጥለቀለቀኝ። በሦስተኛው ፎቅ በምዕራብ በኩል ያሉትን ቴሌቪዥኖች ደግሞ «ሞተዋል» ብሎ በወረቀት ጽፎ ሰጠን። ሌላው ቀብድ ተቀብሎ ገመድ ጎተተ፣ ጣሪያ ቀደደ፣ ከዚያም ወሬው ጠፋ። ቀዳዳው ለብዙ ጊዜ እንዳፈጠጠብን ቀረ። አስተዳደሩ ተስፋ ቆርጦ መቆጣጠሪያው ተነቅሎ መጋዘን ይግባ ወደሚል ውሳኔ ተቃርቦ ነበር።

ይህችን ባለሙያ የጠቆመን በሌላ ተቋም የሚሠራ የቀድሞ ባልደረባዬ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው። ስትመጣ የመሣሪያ ቦርሳዋን እንኳን አልከፈተችም። ዋናዋን ነርስ ፈልጋ አገኘቻትና ትጠይቃት ጀመር፦ ሕሙማኑ በስንት ሰዓት ይተኛሉ? ቀድሞ የሚነቃው የትኛው ፎቅ ነው? የመስማት ችግር ያለባቸው በየትኞቹ ክፍሎች ናቸው? ጠያቂ የሚበዛው መቼ ነው? ሁሉንም በደብተሯ እየጻፈች ሕንፃውን ከታች እስከ ላይ ዞረችው። ከእርሷ በፊት ከመጡት ውስጥ ስለ ሕሙማኑ አንዲት ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም።

የሌሊቱን ጉድ ምክንያት የነገረችን በዚያው ዕለት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ገባኝ። መቆጣጠሪያው ይልክ የነበረው ትእዛዝ «ጥፋ» የሚል አልነበረም። ያው አንዱ ምልክት የበራውን ያጠፋል፣ የጠፋውን ያበራል። ሕመምተኛው ቀድሞ በእጁ ያጠፋው ቴሌቪዥን ምልክቱ ሲደርሰው ይበራ የነበረው ለዚህ ነው። «እነዚህ ቴሌቪዥኖች እኮ ለማብራት አንድ፣ ለማጥፋት ሌላ ትእዛዝ አላቸው፤ የተጠቀመበት ሰው ስለሌለ ነው» አለች። ያን ሁሉ ሌሊት ሰው ያስጨነቀው፣ ሕሙማኑንም እንደ ጥፋተኛ ያስቆጠረው ነገር ይኸው ነበር።

«ሞተዋል» ወደተባሉት የምዕራብ ክፍሎች የወሰድኳት ከሰዓት በኋላ ነበር። እነዚህ ቴሌቪዥኖች ቆየት ያሉ ናቸው፣ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የላቸውም። ስለዚህ መቆጣጠሪያው የሚያዛቸው እንደ ማንኛውም ሪሞት በማይታየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ትእዛዙን ሰጠች፣ ቴሌቪዥኑ ዝም አለ። ወንበር ላይ ወጣችና መዳፏን የሪሞት ምልክት በሚቀበለው የቴሌቪዥኑ ዓይንና በመስኮቱ መካከል ጋረደች። እንደገና ትእዛዙ ሲላክ በራ! ለካስ ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ የቴሌቪዥኑን ዓይን እያጥለቀለቀው ምልክቱን መለየት አቅቶት ኖሯል። ነርሶቹ ሲገረሙ ይህ ችግር የቆየ መሆኑን አጫወተቻቸው። ዜኒት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው ፍላሽማቲክ የተባለ በብርሃን የሚሠራ ሪሞት ፀሐይ በቴሌቪዥኑ ላይ ስታርፍ ጣቢያው በራሱ ይቀየር ነበር አለች። ከዚያም የአንዷን ነርስ ስልክ ተውሳ በፊተኛው ካሜራ ሪሞቱን አሳየቻቸው፤ ዓይን የማያየው ብርሃን ስክሪኑ ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ ብልጭ ድርግም ሲል ሁላችንም ተንጠራርተን አየን። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ትእዛዙን የምትልከዋን ትንሽ አምፖል ከክፍሉ ማዶ አንሥታ ከቴሌቪዥኑ ዓይን አጠገብ አጣበቀቻት። ሞቱ የተባሉት ሁሉ ዛሬ ይሠራሉ። አንድም ቴሌቪዥን አልተቀየረም። አንድም!

አሁን ግን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝን ነገር ልንገራችሁ። በሦስተኛው ፎቅ አንድ አዛውንት አሉ፤ የምጽፈውም ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው። ከደረሰባቸው አደጋ ወዲህ ክፍሉ ሲጨልም ይጨነቃሉ። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍተው፣ ምስሉን ብቻ እያዩ ነው እንቅልፍ የሚወስዳቸው። ይህን የሚያውቁት የሌሊት ነርሶች ብቻ ናቸው። በአዲሱ አሠራር ደግሞ የመኝታ ክፍሎቹ ቴሌቪዥኖች በሙሉ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንዲጠፉ ተወስኗል። ባለሙያዋ ገመድ ልትፈትሽ በራቸውን አንኳኳች። «አባባ፣ ልግባ?» አለች። እርሳቸውም «ግቢ ልጄ፤ ማታ ማታ የምታጠፊብን አንቺ ነሽ አሉ» አሏት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ያ ሁሉ ሥራ እየጠበቃት መሣሪያዋን መሬት አስቀምጣ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሳትቸኩል፣ ሰዓቷን ሳታይ አዳመጠቻቸው። ስለ አደጋው ነገሯት፣ ስለ ልጆቻቸው ነገሯት፣ ስለ ጨለማው ነገሯት። ሲጨርሱ «የእርስዎ አይጠፋም አባባ፣ አይስጉ» ብላ ተነሣች።

ቃሏንም ጠበቀች። ያንን ክፍል ከሚጠፉት ዝርዝር አወጣችው። የእርሳቸው ቴሌቪዥን ሰዓቱ ሲደርስ ድምፁ ይዘጋል፣ ብርሃኑም ዓይን እንዳይወጋ ደብዘዝ ይላል እንጂ አይጠፋም። በዚያም አላበቃች። ሕመምተኛ ይገባል ይወጣል፤ ነገ ሌላ እንዲህ ያለ ሰው ሊመጣ ይችላል ብላ ነርሶቹ በጣቢያቸው ካለው ኮምፒውተር ላይ የፈለጉትን ክፍል ራሳቸው ከዝርዝሩ ማውጣትና ማስገባት እንዲችሉ አድርጋ፣ አንድ በአንድ እያስቀመጠች አስተማረቻቸው። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመጀመሯ በፊት መጀመሪያ የሄደችው ወደ እርሳቸው ክፍል ነው። «እንዴት አደሩ? ተኙ?» ብላ ልትጠይቅ።

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንደነካኝ ልንገራችሁ። እናቴ በመጨረሻዋ ሕመሟ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ከአልጋዋ ፊት ለፊት የተሰቀለ ቴሌቪዥን ሌት ተቀን ይጮኻል፤ ሪሞቱ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። እርሷ መናገር ተስኗት ነበር፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር እያየሁ ድምፁ እንደረበሻት ገባኝ። ወንበር ላይ ቆሜ ሶኬቱን ልነቅል ብል አልደርስበት አለኝ። በመጨረሻ አንድ የጽዳት ሠራተኛ መጥታ ነቀለችልኝ። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ። ለታመመ ሰው ቴሌቪዥን ትንሽ ነገር አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚያየው እርሱን ነው፣ ሌሊት የሚያስቸግረውም እርሱ ነው። ይህን ማንም ሳይነግራት ያወቀች ባለሙያ ስላየሁ ነው እንዲህ የማመሰግነው።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። መብራት ሄዶ ሲመጣ መቆጣጠሪያው አንዳንድ ቴሌቪዥኖችን ለምን እንደሚያጣቸው እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፦ ለእያንዳንዱ ቴሌቪዥን በኔትወርኩ ላይ አንድ አድራሻ ይሰጠዋል። መብራት ሲመለስ አድራሻው ይቀየራል፣ መቆጣጠሪያው ግን በሌሊት የቤት ቁጥር እንደተቀየረበት ደብዳቤ አመላላሽ የድሮውን በር ያንኳኳል። አሁን እያንዳንዱ የማይለወጥ የራሱ አድራሻ አለው። ይህንንም በቃል ብቻ አልተወችውም፤ የቴሌቪዥኖቹን መስመር ራሷ አጥፍታ መልሳ አበራችና ሁሉም መመለሳቸውን ቆጥራ አሳየችን። በአራተኛው ፎቅ ጫፍ ያሉት ክፍሎች የሚቆራረጡት የኔትወርክ ገመዱ ምልክትን በአስተማማኝ ሁኔታ ከሚያደርስበት ከ100 ሜትር ስለሚያልፍ መሆኑን ለክታ አገኘች፤ መካከል ላይ ስዊች የተባለ፣ ምልክቱን ተቀብሎ የሚያሳልፍ የኔትወርክ መሣሪያ ስታስገባ ችግሩ ቆመ። ቴሌቪዥኖቹን ከእንግዶች ዋይፋይም ሆነ የሕሙማን መዝገብ ካለበት ኔትወርክ ለየቻቸው። ከዚያ በላይ የሠራችውን እኔ ልገልጸው አልችልም። ውጤቱን ግን ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጸጥታውን የሰማ ሁሉ ይመሰክራል።

ስትጨርስ የይለፍ ቃላቱን በሙሉ፣ እያንዳንዱ ገመድ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ሥዕል ጨምራ፣ በፖስታ አሽጋ በፊርማ አስረከበችኝ። «ነገ እኔ ባልኖር ሌላ ባለሙያ ይህን አይቶ መቀጠል ይችላል» አለች። የይለፍ ቃል ደብቀው እኛን እስረኛ ካደረጉን ሰዎች በኋላ ይህን መስማት ምን ማለት እንደሆነ እዩት። ሌላው ቀዶት የሄደውን ጣሪያ እንኳን የእርሷ ሥራ ሳይሆን ጠጋኝ ሠራተኛ አስመጥታ በፊቷ አስደፍናዋለች።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ካላችሁ ይህችን ልጅ ጥሩ። ደግሜ እላለሁ፣ እርሷን ጥሩ። የሚቻል ከሆነ ቴሌቪዥኖቹን ከመግዛታችሁ በፊት ጥሯት፤ የትኛው ዓይነት ለብቻው የማብሪያና የማጥፊያ ትእዛዝ እንዳለው፣ የትኛው ጠፍቶ ሳለ በኔትወርክ ሊቀሰቀስ እንደሚችል ትነግራችኋለች፤ ብዙ ወጪም ታድናላችሁ። ሌላ ባለሙያ ይዛችሁ ከሆነም ሳትፈርሙ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የይለፍ ቃሉን ለማን ታስረክባለህ በሉት፤ ደግሞም አንዱን ቴሌቪዥን በእጃችሁ አጥፉና አሁን ሁሉንም አጥፋ በሉት። ያጠፋችሁት ከበራ አትፈርሙ።

እኅቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ነርሶቹ ሁሉ ምስጋናቸውን ልከውልሻል፤ የሌሊት ተረኞቹማ በየቀኑ ነው የሚያነሡሽ። ስሟና ስልኳ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች እዚህ አልጻፍኩም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ሕንፃውን ሳታይ ዋጋ አትናገርም፤ ስለዚህ ስትደውሉ ቀጠሮ ብቻ ያዙና የሌሊት ተረኞቻችሁን ከእርሷ ጋር አገናኟቸው።