ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለው የሴቶች ቁጠባና ብድር፣ ዋስ ሆኜ ያየሁት

እህቴ የስፌት መኪና ለመግዛት ስትበደር ዋስ ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ብዙ ሴቶች እየጠየቁኝ ስለሆነ ልጻፈው። አገልግሎቱ ጥሩ ነው። በተለይ ውሉ! ሰራተኛዋ ወለዱንም ቅጣቱንም አንድ በአንድ እያነበበች "አብሽሪ እታለም፣ ያልገባሽን ጠይቂ" እያለች አስረዳቻት፣ ከዛ አንዱን ኮፒ እህቴ እጅ ላይ ሰጠቻት።

ታሪክ ስለማስተምር እዛ ቁጭ ብዬ ሳስብ የነበረው ሊኮሪሺያን ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ዊንቸስተር የኖረች አይሁዳዊት አበዳሪ ናት፣ ባል የሞተባት፣ በራሷ ስም የምታበድር፣ ያልከፈላትንም ከሳ የምታስከፍል። ያኔ ወለዱ ቢበዛ በፓውንድ (240 ፔኒ ማለት ነው) በሳምንት 2 ፔኒ ነበር፣ በዓመት ሲሰላ 43 በመቶ ይሆናል በሉት። በፈረንጅ ከ1194 ጀምሮ ደግሞ ውሉ አንድ ብራና ላይ ሁለቴ ተጽፎ ይቆረጥና ግማሹ ለአበዳሪው ግማሹ ባለ 3 ቁልፍ የከተማው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ጥንቃቄ ይመስላል ግን ሳጥኑ ለንጉሡ ነበር የሚጠቅመው፣ አይሁዶቹ ምን ያህል ሀብት እንዳላቸው አውቆ ግብር እንዲጭንባቸው። ባሏ ዴቪድ በ1244 ሲሞት ንጉሡ እሷን ለንደን ግንብ ውስጥ አስሮ ንብረቱን አስቆጠረና 5000 ማርክ (የዘመኑ የገንዘብ መለኪያ ነው) አስከፈላት፣ አብዛኛው ለዌስትሚንስተር ቤተክርስቲያን ግንባታ ዋለ። በ1275 በወለድ ማበደር ተከለከለ፣ እሷ በ1277 ቤቷ ውስጥ ከሰራተኛዋ ከአሊስ ጋር ተገደለች፣ በ1290 አይሁዶች በሙሉ ከሀገር ተባረሩ። ለዚህ ነው የውሉ ኮፒ እህቴ እጅ መግባቱ እንደዛ ያስደሰተኝ፣ ወረቀቱ ለማን እንደሚሰራ ማየት ያስፈልጋል።

ወለድ የማይፈልጉ እናቶችም አልተረሱም። በሙራባሃ ማህበሩ እቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ነግሯቸው በየወሩ እየከፈሉ ይሸጥላቸዋል፣ ለእኛ ለወሎዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ያልወደድኩት ዋሱ የግድ ደሞዝተኛ ይሁን ማለታቸው። እኔ ባልኖር እህቴ ምን ልትሆን ነበር? ባሏ የሞተባት፣ ዘመድ የሌላት፣ ጉልት ቸርቻሪ ሴት ከየት ታምጣ? እርስ በርስ በቡድን ዋስ መሆን ይፈቀድ ብዬ ለኃላፊዋ ነግሬያታለሁ፣ እናንተም ስትሄዱ አንሱት።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ያዙ፣ ሰኞ ቀን ገበያ ስለሆነ ሰልፉ አይቻልም፣ ማክሰኞ ጠዋት ይሻላል።