ያገለገለ የስልክ ማዞሪያ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ አትክፈሉ

ቱሉ ዲምቱ፣ ገላንና አቃቂ አካባቢ ቢሮ ከፍታችሁ ያገለገለ የስልክ ማዞሪያ (የቢሮ ስልኮችን እርስ በርስና ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኘውን መሣሪያ) ፍለጋ የምትዞሩ ሁሉ ስሙኝ። ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። «ከትልቅ ድርጅት የተነቀለ ነው፣ ከአዲስ አይለይም» ይላሉ። ሱቃቸው ውስጥ ሁለት ስልክ አገናኝተው እርስ በርስ ያስደውላሉ። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ፣ ቀሪውን ከተከላ በኋላ ይቀበላሉ። እኛም የገዛነው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን የምጽፈው ከሱቃቸው ተመልሼ ንዴቴ ሳይበርድ ነው።

ሥራችን የጭነት ማመላለሻ ነው። ሾፌሮቻችን ጋላፊ ላይ ወረቀት ሲጎድልባቸው፣ ሚሌ ላይ ጎማ ሲፈነዳባቸው የሚደውሉት ወደዚህ ቢሮ ነው። ለዚህ ብለን ኢ-ዋን የሚባለውን ዲጂታል መስመር አስገባን። መስመሩ 32 ክፍል አለው፤ አንዱ ለማቀናጃ፣ አንዱ ለጥሪ መልእክት ይውልና በቀሪዎቹ 30 ሰው በአንድ ጊዜ ይነጋገራል። ማዞሪያው ከዚህ መስመር ጋር የሚገናኝበትን ካርድም የገዛነው ከእነዚሁ ሰዎች ነው።

በተከላው ቀን መስመሩ እንደተሰካ ቀዩ መብራት በራ፤ ጩኸቱም ተከተለ። ይጠፋል፣ ተመልሶ ይበራል። ቀይ ማለት መሣሪያችን ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣውን ሲግናል መስማት አልቻለም ማለት ነው። ቴክኒሻኑ ገመዱን ነካ ነካ አደረገና ትቶት ላፕቶፑን ከፈተ። ከጎኑ ቆሜ አያለሁ። የማስጠንቀቂያዎቹ ዝርዝር ያለበትን ገጽ አወጣ፤ በእያንዳንዱ ፊት ትንሽ የራይት ምልክት አለች። የሲግናል መጥፋት፤ ምልክቷን አነሳ። የፍሬም መጥፋት፣ ማለትም ሲግናሉ እየመጣ ክፍሎቹ የት እንደሚጀምሩ መለየት ሲያቅት፤ አነሳ። ወዲያኛው ጫፍ እኛን መስማት ሲያቅተው የሚልከው ቢጫ ማስጠንቀቂያ፤ እሱንም አነሳ። አስቀምጥ የሚለውን ሲጫን ጩኸቱ ቆመ፣ ቀዩ ጠፋ፣ አረንጓዴው ብቻ ቀረ።

«ምን አደረግህ?» አልኩት።

ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አጸዳሁት። የድሮው ባለቤት ቅንብር ነበር የሚያስቸግረው» አለኝ። አለቃው ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ለቼኩ እጁን ዘረጋ።

ከዚያ በኋላ ንግግር መሃል ላይ ይቆረጥ ጀመር። ብንደውልላቸው «መስመሩን የሰጣችሁን ድርጅት ጠይቁ» ይሉናል። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ማታ መስመሩ ጭራሹን ሞተ። አንድ ሾፌራችን አዋሽ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ሌሊቱን ሙሉ ሲደውል አደረ። እኛ ቢሮ ጥበቃው ማዞሪያው አጠገብ ተቀምጧል፤ ማዞሪያው አረንጓዴ እያበራ ጭጭ ብሏል። ጥበቃው የሚጮኽ ነገር ቢሰማ ኖሮ ይጠራኝ ነበር።

ከመስመር ሰጪው የመጣው ባለሙያ መጀመሪያ ያደረገው የተዘጉትን ማስጠንቀቂያዎች መክፈት ነው። ቀዩ ወዲያው በራ። የብልሽት መዝገቡ ከተከላው ቀን ወዲህ ባዶ ነው፤ የስህተት ቆጣሪው ግን ዓይናችን እያየ ይሮጣል። ካርዱ የተሠራው ለ75 ኦም ኮአክሲያል ገመድ (እንደ ቴሌቪዥን አንቴና ገመድ ላለው) ነው፤ ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው። የእኛ መስመር ደግሞ 120 ኦም ጥንድ ሽቦ ነው። በሁለቱ መካከል ማስማሚያ መግባት ሲገባው ሽቦውን እንዲሁ ቀጥለውታል። ማዞሪያው ሰዓቱን፣ ማለትም ሲግናሉን የሚልክበትንና የሚቀበልበትን ምት፣ ከመስመሩ መውሰድ ሲገባው በራሱ ሰዓት እንዲሄድ ተደርጓል።

ማስጠንቀቂያ መዝጋት በራሱ ጥፋት አይደለም። ገመድ ያልተሰካበት ወደብ (የመስመሩ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ) በከንቱ እንዳይጮኽ ማስጠንቀቂያው ይዘጋል፤ ቅንብሩ የተሠራውም ለዚህ ነው። ሥራ ላይ ባለ መስመር እንዲህ ማድረግ ግን ሌባ ሲገባ የሚጮኸውን ውሻ አፉን አስሮ «ግቢው ሰላም ነው» እንደማለት ነው። ያ ቴክኒሻን ደግሞ ምን እየዘጋ እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል።

ካርዱን ይዤ ሱቃቸው ስሄድ ተቀመጥ ያለኝ የለም። ባለቤቱ ሌሎች ገዢዎች ፊት «እናንተ የመኪና ሰዎች ናችሁ፤ ስለ ኦም ማን አስተማራችሁ? አረንጓዴውን አይታችሁ ፈርማችኋል» አለኝ። ቴክኒሻኑ እዚያው ቆሞ ስልኩን ይነካካል። «ንገረው እንጂ፣ ምልክቶቹን ያነሳኸው አንተ ነህ» አልኩት፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ጓዳ ገባ። ባለቤቱም ደረሰኙን ገልብጦ «ያገለገለ ዕቃ አይመለስም» የምትለዋን መስመር በጣቱ መታ መታ አደረገና ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረ።

እናንተ ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት የማስጠንቀቂያውን ገጽ አስከፍቱ፤ በሥራ ላይ ባለው ወደብ ሁሉም ምልክት መኖሩን እዩ። ገመዱን ፊታችሁ እንዲነቅሉት አድርጉ፤ ቀዩ ካልበራ፣ ጩኸቱም ካልተሰማ አትቀበሉ። ገመድ የሌለው ትንሽ ሶኬት ወደቡ ላይ ተሰክቶ ካያችሁም አስነቅሉት፤ መሣሪያው የራሱን ሲግናል መልሶ ሲሰማ አረንጓዴ ያበራል። ካርዱ የስንት ኦም እንደሆነ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።