«ቆዳሽን ከውስጥ እናጸዳለን» ሲሏችሁ ካርዳችሁን አታውጡ

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ቃላቴ ቢሻክሩ አትቀየሙኝ።

ችፌን ምግብ በማስቀነስ እናድናለን በሚል ፕሮግራም ገንዘቤን ከተበላሁ ሰንብቷል። እሱ አልፏል። ያናደደኝ የትናንቱ ነው። ጓደኛዬ ያንኑ ማስታወቂያ ላከችልኝና «አንቺ ችፌ አለብሽ አይደል፣ ይሄን ሞክረሽዋል?» አለችኝ። ለልጇ ልትገዛው ነው። ልጁ ገና 2 ዓመቱ ነው።

ሞክሬዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ችፌ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። ክርኔ መታጠፊያ ላይ፣ ከጉልበቴ ጀርባ፣ ሲብስበት ደግሞ አንገቴ ላይ። ያለበት ሰው ያውቀዋል፤ ወር ሁለት ወር ድምፁን ያጠፋና አንድ ቀን ምን እንዳስቀየመው ሳይታወቅ ያገረሻል። ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል። አንሶላ ላይ የደም ነጠብጣብ አይቶ መነሳት ብርቅ አይደለም። እንዲህ ባለ አንድ ሌሊት፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ በአንድ እጄ አንገቴን እያከኩ በሌላው ስልኬን ስጎረጉር ነው ያገኙኝ። በዚያ ሰዓት ምንም ነገር ቢሸጡልኝ እገዛ ነበር።

«ቆዳ የሆድ መስታወት ነው» ይላል ማስታወቂያው። ቅባት ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አያድንም፤ ጥፋቱ የምትበዪው ምግብ ውስጥ ነው፤ 12 ሳምንት ታገሺን፣ ግርሻ የሚባል ነገር ትረሻለሽ። ካልሠራ ገንዘብሽ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይመለሳል። ከሥሩ ፎቶ አለ፤ «በፊት» እና «በኋላ»።

ፎቶው ላይ ትንሽ ቆዩ። እኔ ያስተዋልኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። የሴት ክንድ ነው፤ በመጀመሪያው ቀልቷል፣ ተሰነጣጥቋል፣ በሁለተኛው እንደ ሕፃን ቆዳ ለስልሷል። በመካከሉ 12 ሳምንት አልፏል ተብሏል። አውራ ጣቷ ላይ ግን ቀይ የጥፍር ቀለም አለ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተልጦ። በሁለቱም ፎቶ ያው ልጣጭ፣ ያው ቦታ። ለ3 ወር ጥፍሯ አላደገም ማለት ነው። የተለወጠው መብራቱ ነው፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ሸካራውን ሁሉ ጥላ ያወጣለታል፣ ፊት ለፊት ሲበራ ይጠፋል። ቅላቱን ደግሞ ስልኩ ራሱ ያጠፋዋል።

ለማንኛውም ከፈልኩ።

ሳጥን መጣ። ውስጡ የጣት መውጊያ፣ ደም የሚንጠባጠብበት ወረቀት፣ 3 ብልቃጥ እንክብልና «100 በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚል አንድ ቅባት። ቅባቱ ላይ ከምን እንደተሠራ አልተጻፈም። ይሄ ብቻውን ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። ደሜን ላክሁ፣ ውጤቱ መጣ፣ 43 ምግብ በቀይ ተጽፏል። ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ቲማቲም፣ ሙዝ... መጀመሪያ ተደነቅኩ። እንዴት አወቁኝ ብዬ! በየቀኑ የምበላውን አንድ በአንድ ነው የዘረዘሩት።

ነገሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ምርመራው የሚለካው አይጂጂ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ሰውነት ከውጭ ለገባ ነገር የሚሠራው የመከላከያ ፕሮቲን ማለት ነው። ሰውነታችን ለሚበላው ምግብ አይጂጂ ይሠራል፤ የተለመደ ነገር ነው፣ በሽታ አይደለም። እንቁላል የሚያዘወትር ሰው ደም ውስጥ ለእንቁላል አይጂጂ ቢገኝ፣ ምርመራው የነገረን እንቁላል መብላቱን ነው። የአውሮፓ የአለርጂና የክሊኒካል ኢሚውኖሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የካናዳው የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ2012 ይህን ምርመራ የምግብ አለርጂን ለመለየት አትጠቀሙበት ብለው በግልጽ ጽፈዋል። የራሴን የምግብ ዝርዝር ለራሴ መልሰው ሸጡልኝ።

ሐኪሞች የሚያዙት አይጂኢ የሚባለውን፣ አለርጂ የሚያስነሳውን ሌላ ፀረ እንግዳ አካል የሚለካውን ነው። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ ችፌ ያለበት ሰው ላይ፣ ያለ ምንም ችግር ለሚበላው ምግብ እንኳ «ፖዘቲቭ» የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህ ነው ደህና ሐኪም አስቀድሞ ምን በላሽ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን ሆንሽ ብሎ የሚያጣራው። ጥርጣሬ ካለ የመጨረሻው ማረጋገጫ ምግቡን በሐኪም ፊት በጥቂት በጥቂቱ እየበሉ ማየት ነው። በፖስታ በተላከ የደም ጠብታ አይሆንም።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት፣ አልዋሽም፣ ተሻለኝ። በጣም ተሻለኝ። ለ3 ሰው አወራሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ሳስበው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ ችፌ ይነሳል፣ ይወርዳል። እኛ ደግሞ ገንዘብ የምናወጣው በጣም በባሰበት ሰሞን ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ባናደርግም መውረዱ አይቀርም። የዚያን ቀን ስሙን የጠራነው ነገር ሁሉ መድኃኒት ይመስላል። ሁለተኛው ቅባቱ ነው። በተለያዩ አገራት የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች «ተፈጥሯዊ» እየተባሉ በሚሸጡ ቅባቶች ውስጥ ክሎቤታሶል የሚባለውን በጣም ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) አግኝተዋል። የእኔን ላቦራቶሪ አላስመረመርኩትም፣ ስለዚህ ነበረበት ብዬ አልምልም። ግን እንዲህ ያለ ቅባት ሳያውቁ ለሳምንታት ሲቀቡት ቆዳ ይሳሳል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ብሶ ሊመለስ ይችላል። እና የሚገርመው፣ እኔ ሐኪም ያዘዘልኝን ስቴሮይድ ፈርቼ ነበር ወደነሱ የሄድኩት።

በ5ኛው ሳምንት አገረሸብኝ። አማካሪ ተብላ የተመደበችልኝ ልጅ ጋ ደወልኩ። ደስ አላት! «መርዙ እየወጣ ነው የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ጥሩ ምልክት ነው» አለችኝ። እስቲ አስቡት። ሲሻለኝ ምግቡ ሠራ፤ ሲብስብኝ መርዙ እየወጣ ነው፤ ምንም ካልተለወጠ «ሰውነትሽ ጊዜ ይፈልጋል»። ምንም ብሆን እነሱ ትክክል ናቸው። ሌላ 6 ምግብ ቀነሱልኝና ስልኩን ዘጋች።

12ኛው ሳምንት ሲያልቅ 7 ኪሎ ቀንሼ ነበር። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀር ጀመር። ደረጃ ስወጣ ያልበኛል። ማሳከኩ ግን እንዳለ ነው፣ ኪሎ አልቀነሰም።

ያኔ ነው ገንዘቤን መልሱ ያልኩት።

የዋስትናው ውል ላይ እንዲህ ይላል፦ ገንዘብ የሚመለሰው በ84ቱም ቀን፣ በቀን 3 ጊዜ የምግብ ፎቶ ለላከ ሰው ነው። 252 ፎቶ። እኔ 251 ልኬያለሁ። በ19ኛው ቀን የምሳ ፎቶ የለም፤ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ከተነሳሁ በኋላ ትዝ አለኝ። «ፕሮግራሙን ስላልተከተሉ ዋስትናው ተሰርዟል» የሚል መልስ መጣልኝ። እስከዚያ ድረስ አንቺ ስትለኝ የነበረችው ልጅ እርስዎ አለችኝ። ከዚያ ላይ ደግሞ እንክብሉ በየወሩ እየታደሰ ከካርዴ ይቆረጥ ነበር፤ ለዚያ የተስማማሁት ስከፍል አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ቀድሞ የተደረገውን ምልክት ባለማንሳቴ ነው።

የቆዳ ሐኪም ጋ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። መሆን የነበረበት በፊት ነበር፣ አውቃለሁ፣ አትንገሩኝ። ድካሜን ስነግራት የእንቅርት ዕጢ የደም ምርመራ ከማዘዟ በፊት የጠየቀችኝ «ለፀጉር ወይም ለቆዳ የሚባል እንክብል ትወስጃለሽ?» ብላ ነው። ብልቃጦቹን አሳየኋት። አንዱ ብዙ ባዮቲን (የቢ ቫይታሚን ዓይነት) ነበረው። ባዮቲን በብዛት ከተወሰደ አንዳንድ የደም ምርመራዎችን ያሳስታል፣ የእንቅርት ዕጢንም፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚለይበትን ትሮፖኒንንም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ አስጠንቅቋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የምትወስዱ ከሆነ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ።

ምግቦቹን በየተራ መለሰችልኝ። አንዱን ጀምሬ፣ ጥቂት ቀን አይቼ፣ ከዚያ ሌላውን። ከ49ኙ አንዱም ችፌዬን አልቀሰቀሰውም። አንድም። በኋላ ጀርባዬ ላይ የተለያየ ነገር ያለበት ንጣፍ ተለጥፎ በ48 ሰዓቱ ሲነሳ፣ ለሽቶ ንጥረ ነገሮች አለርጂ እንዳለብኝ ታወቀ። የልብስ ሳሙናዬ ሽቶ ነበረው። አንገቴ ላይ ኮሌታ የሚነካበት ቦታ ለምን እንደሚብስ ያን ቀን ገባኝ።

ምግብ ምንም አያገናኘውም እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ግምገማ 599 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 10 ሙከራዎች አንድ ላይ አይቷል። ምግብ ከቀነሱት መካከል 50 በመቶዎቹ፣ ካልቀነሱት 41 በመቶዎቹ የሚታይ መሻሻል አሳይተዋል። ልዩነቱ ይህችው ናት፣ እሷም እርግጠኛ ያልሆነች። ምንም ያልቀነሱት 41 በመቶዎቹን ግን ልብ በሉልኝ። ከእነሱ አንዱ ማስታወቂያውን ቢገዛ ኖሮ ዛሬ ምስክርነቱን እየሰጠ ነበር። ሶሪያሲስ (ቆዳ ቀልቶ የሚቀረፍበት ሌላ የቆዳ በሽታ) ያለባችሁም እንዲሁ፤ ከመጠን በላይ ክብደት ላለው ሰው ክብደት መቀነሱ እንደሚረዳ ማስረጃ አለ፣ ግሉተን (ስንዴ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ማቆም ግን የሚመከረው የሴሊያክ በሽታ፣ ማለትም ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ፣ ወይም ለግሉተን የሚታይ የደም ምልክት ላለው ነው። ሴሊያክ የምትጠረጥሩ ደግሞ ስንዴ ሳታቆሙ ተመርመሩ። ካቆማችሁ በኋላ ምርመራው የለም ሊላችሁ ይችላል።

በሐኪም ወይም በሥነ ምግብ ባለሙያ የሚደረግ ምግብ የመለየት ሙከራ መልኩ ሌላ ነው። የሚቀነሰው የተጠረጠረ አንድ ወይም ጥቂት ምግብ ነው፣ ጊዜው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቢሆን ነው፣ ከዚያ ምግቡ ይመለሳል። የሚመለሰው ለማጣራት ነው፤ ሲመለስ ቆዳው ካልተነሳ ምግቡ ነፃ ወጣ። እኔ የገዛሁት ፕሮግራም ውስጥ የመመለሻ ቀን የሚባል ነገር አልነበረም። ምግብሽን መልሺ ካሉሽ እንክብሉን ለማን ይሸጣሉ?

አሁን የልጁ ነገር። ለጓደኛዬ ደውዬ የነገርኳትን ነው የምጽፍላችሁ። ሕፃን ልጅ ላይ ምግብ በዘፈቀደ መቀነስ ከእኔ 7 ኪሎ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለችፌው ተብሎ ወተት ተከልክሎ በሩዝ መጠጥ ሲያድግ በፕሮቲን እጥረት ሰውነቱ አብጦ ሐኪም ቤት የገባ ሕፃን በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ሌላም አለ፤ ችፌ ያለበት ልጅ ሲበላው የኖረውን ምግብ ለረጅም ጊዜ ካቆመ በኋላ ሲመለስለት ሰውነቱ መልመዱን ረስቶ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፣ ትንፋሽ እስከሚያሳጥር። በተቃራኒው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ የነበረባቸው 640 ሕፃናት ተወስደው ግማሾቹ ኦቾሎኒ በጊዜ እንዲጀምሩ፣ ግማሾቹ እንዲርቁ ተደረገ። 5 ዓመት ሲሞላቸው ከራቁት 17 በመቶ ገደማ፣ ከበሉት ግን 3 በመቶ ገደማ ብቻ የኦቾሎኒ አለርጂ ያዛቸው። መራቅ ከአለርጂ ይከላከላል የሚለው ሐሳብ ራሱ ተገለበጠ። እነዚያን ሕፃናት ግን ሐኪሞች መርምረው ነው ያስጀመሯቸው፤ ይህን አንብባችሁ ቤታችሁ እንዳትሞክሩት።

ፕሮግራሙ ውስጥ ያላችሁ፣ ለማቆም አትፈሩ፣ ግን ሁሉንም ባንድ ቀን አትመልሱ። ከዚህ ቀደም ፊታችሁን ያሳበጠ ወይም ትንፋሽ ያሳጠራችሁ ምግብ ካለ እሱን ያለ ሐኪም አትንኩት። ያልታወቀውን ቅባት ለሐኪም ይዛችሁ ሂዱ፣ ብልቃጡን ሳትጥሉ። የክፍያውን ነገር ከእነሱ ጋር አትከራከሩ፤ በጽሑፍ አቋርጫለሁ በሏቸው፣ ስክሪንሹቱን ያዙ፣ ከዚያ ባንካችሁ ወጪውን ያግድ። እኔ ለ2 ወር በስልክ ስለምናቸው ሌላ 2 ክፍያ ቆረጡ።

ጓደኛዬ ስትሰማኝ ቆየችና «ግን ፎቶው...» አለች። ጥፍሯን እዪው አልኳት። ዝም አለች፣ ስልኩን ስታሰፋው ይሰማኛል። ከዚያ ሳቀች። ልጁን የፊታችን ማክሰኞ ሐኪም ጋ ትወስደዋለች።