ለአንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ምስጋና፣ ካሎሪ ቀንሳችሁ ለመኖር ላሰባችሁ ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው ካሎሪ ቀንሰን፣ ማለትም ለጤናችን ብለን ከለመድነው ያነሰ ግን የተሟላ ምግብ እየበላን የምንኖር ጥቂት ሰዎች ነን። አዲስ አበባ ውስጥ የምትሠራ አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ በአደባባይ ልትመሰገን ይገባታል። ስሟ እንዲወጣ ስላልፈለገች አንጠቅሰውም፤ የምትሠራበትን ቦታ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀን። አሠራሯን ግን በዝርዝር እናስቀምጠዋለን፤ እሷ ጋ መድረስ የማይችል ሰው ሌላ ባለሙያ ሲመርጥ ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ።

ሰው ሁሉ የሚመጣው "ስንት ኪሎ ልግባ?" እያለ ነው። እህታችን ግን መጀመሪያ የምታሰላው ያ ሰው ከስንት ኪሎ በታች መውረድ እንደሌለበት ነው። ወለሉ ሳይታወቅ ግብ አትሰጥም። ዕድሜዋ 40፣ ቁመቷ 1.62 ሜትር፣ ክብደቷ 68 ኪሎ የሆነች ሴት መጣች እንበል። ክብደት በኪሎ፣ በራሱ ለተባዛ ቁመት በሜትር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ቢኤምአይ ይባላል። ቁመቷ በራሱ ሲባዛ 2.62 ይሆናል። ይህ በቢኤምአይ 18.5 ሲባዛ 48.5 ኪሎ ግድም ይወጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከዚያ በታች ያለውን ከመጠን ያነሰ ክብደት ይለዋል። ለካሎሪ ቅነሳ ግን እህታችን ወለሉን ቢኤምአይ 20 ላይ፣ ማለትም 52.5 ኪሎ ላይ ታቆመዋለች። አንድ ከባድ ተቅማጥ ወይም ኦፕራሲዮን ሁለት ሦስት ኪሎ በአጭር ጊዜ ይወስዳል፤ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ የሚወስድበት መጠባበቂያ የለውም።

ግቡን ከዚያ በኋላ የምታወጣው ከምኞት ሳይሆን ከምግቡ ልክ ነው። ክብደት በ10፣ ቁመት በሴንቲ ሜትር በ6.25 ይባዛና ይደመራል፤ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል፤ ለሴት 161 ይቀነሳል፣ ለወንድ 5 ይጨመራል። ለዚህችው ሴት ሰውነቷ ተኝታ እንኳ የሚያቃጥለው 1330 ካሎሪ ያህል ነው። ቢሮ ተቀምጣ የምትውል፣ ግን በየቀኑ በእግሯ የምትሄድ ከሆነች በ1.5 ሲባዛ 2000 ይደርሳል። 15 በመቶ ሲቀነስ በቀን 1700 ይቀራል። በዚህ አመጋገብ መጀመሪያ ላይ በወር 1 ኪሎ ግድም ትቀንሳለች፤ 61 ኪሎ አካባቢ ስትደርስ የሚያስፈልጋት ራሱ ወደ 1900 ስለሚወርድ ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል፣ ሚዛኑም መቆም ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሚዛኑ ሲቆም ምግቡን እንደገና ይቆርጣል፣ ከዚያም እንደገና፣ እስከ 1200 ድረስ። ካሎሪ ቀንሶ ለመኖር ለሚያስብ ሰው ግን ሚዛኑ መቆሙ ሰውነቱ ከአዲሱ ልክ ጋር መስማማቱን ያሳያል። እህታችን ይህን አስቀድማ ስለምትናገር እሷ ጋ የሚሄድ ሰው በዚያ ወር አይደናገጥም።

ግቧ አንድ ቁጥር ሆኖ አያውቅም። ለዚህች ሴት የመጀመሪያው ማረፊያ 64 ወይም 65 ኪሎ ነው፤ ከመነሻው 5 በመቶ ያህል መቀነስ ማለት ነው። እዚያ ሁለት ሦስት ወር ትቆያለች፣ ደም ትመረመራለች፣ ከዚያ ቢበዛ ወደ 61፣ ማለትም ከመነሻው 10 በመቶ ያህል ወደሚያንሰው፣ ትወርዳለች። 10 በመቶው እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ካለሪ በተባለው የሁለት ዓመት ጥናት፣ ውፍረት የሌለባቸው 218 ሰዎች ተሳትፈው ነበር፤ ካሎሪ እንዲቀንሱ የተመደቡት ምግባቸውን በ25 በመቶ እንዲቀንሱ ቢታሰብም በተግባር የቻሉት በአማካይ 12 በመቶ ያህል ነው፤ ክብደታቸውም 10 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ያን ያህል ክትትል ያላቸው ሰዎች 25 በመቶ ካልቻሉ፣ ብቻውን ወጥ ቤት የቆመ ሰው 30 በመቶ እቀንሳለሁ ማለቱ ምን ያደርግለታል? በዚያው ጥናት የዳሌና የአከርካሪ አጥንት ጥግግትም ቀንሷል። እህታችን ስለ ካልሲየም፣ ስለ ፀሐይና ክብደት ስለማንሳት የምትጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የምታነሳው ሌላ ነጥብ ለብቻው ሊመሰገን ይገባዋል። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ እኩል የሰውነት ስብ ካላቸው ሰዎች መካከል የኢትዮጵያውያኑ ቢኤምአይ ከነጮቹ በ4.6 ያህል አንሶ እንደሚገኝ አሳይቷል። አንዱ ምክንያት ረጅም እግርና ቀጭን አጥንት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቢኤምአዩ 21 የሆነ፣ ሸሚዙ ግን ሆዱ ላይ የጠበበው ሰው እሷ ጋ ሲሄድ ምግቡን አታስቀንሰውም። ወገቡን ትለካለች፤ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌው አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ፣ ሆድ ሳይሳብ። ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ ከበለጠ መፍትሔው ጡንቻ መገንባት፣ መራመድና ስኳርና አልኮል መቀነስ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በካሎሪ ብቻ ማክሳት ጡንቻውን አሳጥቶ ሆዱን ሊተውለት ይችላል።

ዘይት ላይ ያላት አያያዝ ደግሞ ግሩም ነው። ወጥ ተካፍሎ የሚበላበት ቤት ውስጥ እያንዳንዱን ጉርሻ መመዘን አይቻልም፤ ስለዚህ የዘይቱን ጠርሙስ ታስቆጥራለች። አንድ ሊትር ዘይት 8300 ካሎሪ ገደማ አለው። አራት ሰው ያለበት ቤት በአምስት ቀን ከጨረሰው በነፍስ ወከፍ በቀን ከ400 በላይ ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይገባል። ሊትሩ ስምንት ቀን እንዲበቃ ማድረግ ለእያንዳንዱ ሰው 150 ካሎሪ ይቀንሳል፤ እንጀራው ሳይነካ። ፕሮቲን በኪሎ ክብደት 1.2 ግራም ታዛለች፣ ለምሳሌያችን 82 ግራም ያህል። በጾም ይህን ለመሙላት ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አኩሪ አተር በየማዕዱ መገኘት አለባቸው፤ ረጅም ጾም ለሚጾም ሰው ቫይታሚን ቢ12ንም ታስመረምራለች። በፋሲካ ሳምንት የጨመረውን ኪሎ አትቆጥረውም፤ አብዛኛው ጨው የያዘው ውኃና ገና ያልወጣ ምግብ ነው።

ሚዛን የምታስወጣው ጠዋት፣ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ነው። የምታየው የሳምንቱን አማካይ ብቻ ነው። ወር አበባ የምታይ ሴትን ደግሞ ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ታስተያያለች።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናት እምቢ ስለምትል ነው። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ፣ ቀድሞውኑ የከሳ፣ የቲቢ ሕክምና ላይ ያለ ወይም በምግብ ራሱን ሲጎዳ የኖረ ሰው ከመጣ ካሎሪ አታስቀንስም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር በሽታ ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙ መጠኑን ሳያስተካክልለት ምግብ ቢቀንስ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል መጀመሪያ ወደ ሐኪሙ ትመልሰዋለች። በመንገድ ላይ ወር አበባ ከቀረ፣ ፀጉር ከረገፈ፣ ሲነሱ ራስ ካዞረ፣ በሞቃት ቀን ብርድ ከተሰማ ወይም ቀኑን ሙሉ ምግብ ብቻ ከታሰበ ቅነሳውን ወዲያው ታስቆማለች፣ ምግቡን መልሳ ትጨምራለች፣ ለምርመራም ትልካለች፤ ግቡም ከፍ ይላል። በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ መቀነስ የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ ስለሚችል ፈጣን ውጤት ለሚጠይቃት ሰው አትሸነፍም። ዱቄት አትሸጥም፣ ክኒን አትሸጥም፣ ሻይ አትሸጥም። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እህታችን!

ቀጠሮ የምትይዙ ሰዎች የሦስት ቀን ምግብና መጠጣችሁን፣ ሁለት የሥራ ቀንና አንድ እሑድ፣ ጽፋችሁ ሂዱ፤ ቡናው ውስጥ የገባው ስኳርና ለቅምሻ የተነሳው ቆሎም ይጻፍ። ቤታችሁ አንድ ሊትር ዘይት በስንት ቀን እንደሚጨርስ አጣርታችሁ ሂዱ። የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራ ካላችሁ ያዙት፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ደግሞ ከነማሸጊያው።