«23»ን ሁለት ጊዜ አየሁት

«23» የሚባለውን የጀርመን ፊልም ያመጣችልኝ ፍራንክፈርት የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። «የአንተ ሙያ ነው፣ ትወደዋለህ» ብላ ዲቪዲውን ሰጠችኝ። ላፕቶፔ ዲቪዲ ስለማያነብ ማጫወቻ ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ጀርመንኛዬ ጎተ ኢንስቲትዩት የተማርኳት ናት። እያቆምኩ፣ እየመለስኩ 99 ደቂቃው ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። በሳምንቱ ደግሞ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ደገምኩት።

ፊልሙ የወጣው በ1998 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ዳይሬክተሩ ሃንስ-ክርስቲያን ሽሚድ ይባላል። የሚተርከው የካርል ኮኽን ሕይወት ነው። ካርል በ1965 ሃኖቨር ተወለደ። እናቱ ገና በልጅነቱ በካንሰር ሞተችበት። አባቱም በ1984 በካንሰር ሞተ። ልጁ ውርስ ይዞ ብቻውን ቀረ። ኮምፒውተር ገዛ። በስልክ መስመር የሰው ኮምፒውተር ውስጥ ሰርገው ከሚገቡ ልጆች ጋር ተቀላቀለ። «ሃግባርድ» የሚለውን ስም ያወጣው ከሚወደው ልቦለድ ነው። የ23 ቁጥር ነገርም የመጣው ከዚያው ነው። ቁጥሩ በሄደበት ሁሉ የሚከተለው ይመስለው ነበር።

ቀጥሎ ገንዘብ አለቀ፣ ሱስ መጣ። ከመሃላቸው አንዱ ምሥራቅ በርሊን ሄዶ ሶቪየቶቹን አገኘ። ከአሜሪካ ኮምፒውተሮች የወሰዱትን ለሶቪየት የስለላ ድርጅት ለኬጂቢ መሸጥ ጀመሩ።

አውጉስት ዲል ካርልን ሆኖ ሲጫወት የመጀመሪያ ፊልሙ ነው ቢሉኝ አላምንም ነበር። ግን እውነት ነው። መጀመሪያ ላይ ዓይኑ የሚስቅ፣ ሁሉን ማወቅ የሚፈልግ ልጅ ነው። እያደር እንቅልፍ ያጣል። ፊቱ ይገረጣል። የሚያየው ነገር ሁሉ ከሌላ ነገር ጋር ይያያዝበታል። እኔ ለዓመታት የሰርቨር ሎግ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የሠሩትን የሚመዘግቡበትን ዝርዝር፣ ሳነብ ያደርኩ ሰው ነኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንኛውም ቁጥር ትርጉም ያለው ይመስላል። ዲል ያንን ድካም በትክክል አሳይቶኛል።

እስከዚህ ድረስ ፊልሙን አጥብቄ እመክራለሁ። አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ።

ይህን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ የካርልን ታሪክ አውቄያለሁ ብሎ ነው የሚነሳው። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የተሰናከልኩት በክሊፎርድ ስቶል ነገር ነው። ስቶል የሥነ ፈለክ ሰው ነው፣ በካሊፎርኒያ ሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ኮምፒውተሮችን ያስተዳድር ነበር። በ1986 የኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳቡ ላይ 75 ሳንቲም ጎደለች። የዶላር ሳንቲም ማለቴ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይተዋት ነበር። እሱ ግን ከገቢ መስመሮቹ ጋር ፕሪንተሮች አገናኘ። ሰርጎ ገቡ የሚተይባት እያንዳንዷ ፊደል ወረቀት ላይ ወጣች። ሰውየው መስመር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይና ጥሪው ከየት እንደሚመጣ እንዲታወቅ ደግሞ የውሸት ወታደራዊ ፋይሎች አዘጋጀለት። ዱካው ሃኖቨር ላይ አረፈ።

ብዙ ሰው «ስቶል የያዘው ካርል ኮኽን ነው» ይላል። አይደለም። በርክሌይ ውስጥ ሲመላለስ የተገኘው ማርኩስ ሄስ ነው። ካርል ከቡድኑ ጋር ነበረ፣ ያ መዝገብ ግን የእሱ አይደለም። ለእኔ ይሄ ትንሽ ስህተት አይደለም። የአንዱን ሥራ በሞተው ላይ መጫን ነው፤ የሞተ ደግሞ አይመልስም።

አሟሟቱ ላይ ደግሞ ክርክሩ ይብሳል። ካርል በ1988 ራሱ ለባለሥልጣናት ሄዶ ያደረገውን ተናግሯል። ሌሎቹ በማርች 1989 ተያዙ፣ ወሬው ጋዜጣና ቴሌቪዥን ሞላ። ካርል በዚያን ጊዜ ሃኖቨር ውስጥ በአንድ የፖለቲካ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት መልእክት አድራሽ ሆኖ ይሠራ ነበር። ሜይ 23 በመኪና እንደወጣ አልተመለሰም። ጁን 1 ከከተማው ራቅ ብሎ ጫካ ውስጥ ተቃጥሎ ተገኘ። ፖሊስ ራሱን አጥፍቷል አለ።

አልተዋጠላቸውም፣ ብዙዎች። ወቅቱ ደረቅ ሆኖ ሳለ እሳቱ ከአስከሬኑ ዙሪያ አልፎ አለመዛመቱን ያነሳሉ። ኬጂቢ ነው የሚል አለ፣ ሌላ የስለላ ድርጅት ነው የሚልም አለ። በሌላ በኩል የሚያውቀውን ከተናገረ ዓመት ሊሞላው ነበር። አፉን ለመዝጋት ከሆነ ዘግይቷል። ሕክምና ላይ የነበረ፣ በሱስ የተጎዳ፣ ጋዜጠኛ የሚያሳድደው ልጅ ነበር። እኔ ማስረጃው ወደ ፖሊሱ ቃል ያደላል ባይ ነኝ። ግን ቁጥሯን እዩልኝ። የጠፋው በ23ኛው ቀን ነው፣ ዕድሜውም 23። አስከሬኑ የተገኘበት ጁን 1 ግን ለ23 ስለማይመች ወሬው ውስጥ ብዙም አይነሳም።

ይሄ ለምን እንዲህ ያንገበግበኛል? የሰፈር ጓደኛዬ ድንገት የሞተ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መኪና ገጨው ተባለ። በሁለተኛው ዕዳ ነበረበት ተባለ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ጎልማሳ ሻዩን ፉት እያለ ጭራሽ የማናውቀውን ታሪክ ጀመረ። እናቱ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጡ ቀና አሉና «ልጄን እኔ ነኝ የማውቀው» አሉ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሰውየው ሻዩን አስቀምጦ ወጣ።

ካርል እንደዚያ የምትልለት እናት አልነበረችውም። አባትም የለ። ፊልሙ ሲወጣ ግን ጓደኞቹ ተነሡ። ተመልካችና ተቺ ሲያደንቀው እነሱ «እንዲህ አልነበረም» ብለው እውነቱና ፊልሙ የሚለያዩበትን በጽሑፍ አወጡ። የእናቱን ቦታ ተክተው ተናገሩለት። ሽሚድም በኋላ ከሌላ ጸሐፊ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ልዩነቶቹን ራሱ ዘርዝሯል። ለዚህ አከብረዋለሁ። ታሪክ ሠርቶ «ይህን እዚህ ጋ ቀይሬዋለሁ» የሚል ስንት ሰው አለ?

ከቡድኑ የተከሰሱት ሦስቱ በ1990 በጀርመኗ ሴለ ከተማ ተፈረደባቸው። ሁሉም ከ14 ወር እስከ ሁለት ዓመት፣ በገደብ። ከፍርዱ በኋላ እስር ቤት የገባ የለም።

ወንድሜ ፊልሙ ሲያልቅ «ገደሉት እንዴ?» ነው ያለኝ። ከላይ የጻፍኩትን ነገርኩት። ረጅም ሰዓት ወሰደብን፣ እራታችንም ቀዘቀዘ።

ዲቪዲውን አሁን የሥራ ባልደረባዬ ወስዶታል። ከመስጠቴ በፊት አንዲት ወረቀት አጥፌ ሽፋኑ ውስጥ ከተትኩለት። «በርክሌይ የገባው ሄስ ነው። አስከሬኑ የተገኘው ጁን 1 ነው። ጓደኞቹ በፊልሙ አልተስማሙም። መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ ደውልልኝ።»